በዓባይ በረሃ መንገድ የሞተር ሳይክልን ሙቀት የመቀነስ ሥራ፦ የሂደት ማስታወሻ

የካቲት 27

ዛሬ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ስመለስ ዳገቱን ሳላጋምስ የሞተር ሳይክሌ ጉልበት ከዳኝ። በሦስተኛ ማርሽ ትወጣው የነበረውን ጠመዝማዛ በሁለተኛ ማርሽ እየተናነቀች፣ ነዳጅ ስጨምርላትም በጣሳ ውስጥ ጠጠር የሚናጥ የሚመስል ድምፅ ከሞተሩ ውስጥ እያሰማች ጥቂት ከሄደች በኋላ ቀጥ አለች። እየገፋሁ ወስጄ አንድ ግራር ሥር ሳቆማት ቀኝ ባቴ የጭስ ማውጫ ቱቦውን ነካና ሱሪዬን ዐልፎ ቆዳዬን ለበለበኝ። እንደገና የተነሣችው ከሦስት ሩብ ሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ከኋላዋ በታሰረው የክትባት ሣጥን ውስጥ የነበረው በረዶ በዚያን ጊዜ ግማሹ ቀልጦ ነበር።

ሥራዬ የእንስሳት ጤና በመሆኑ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ወደ ቆላው ቀበሌዎች እወርዳለሁ። ደጀን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን በዓባይ ድልድይ አካባቢ ያለው የሸለቆው ወለል ግን 1,100 ሜትር ገደማ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድም ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ይህች ሞተር ሳይክል ጠዋት ከደጋ ወደ ቆላ ትወርድና ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ከፍታ መልሳ ትወጣለች። ባለ 150 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ አራት ስትሮክና በአየር ብቻ የምትቀዘቅዝ ናት፤ ራዲያተርም ሆነ ማራገቢያ የላትም። መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት የበረሃው የጭንቅ ወራት ስለሆኑ፣ ከእነርሱ በፊት ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ለክቼ ለማወቅ፣ ከዚያም የሞተሩንም የራሴንም ሙቀት በአቅሜ ለመቀነስ ወስኛለሁ።

መጋቢት 2

ከባሕር ዳር ያስመጣሁት፣ ሳይነካ በርቀት የሚለካው ቴርሞሜትር ደረሰኝ። የመጀመሪያው ልኬት ግን አሳስቶኝ ነበር። ከመንገድ እንደተመለስሁ በሚያብለጨልጨው የጭስ ማውጫ ቱቦ ላይ ሳነጣጥረው 74 ዲግሪ አለኝ፤ ነገር ግን በዚያው ቦታ ላይ የውሃ ጠብታ ሳሳርፍ ጠብታዋ ጮኻ ወዲያው ጠፋች። የሚያብለጨልጭ ብረት የያዘውን ሙቀት በጨረር መልክ የሚያወጣው እጅግ በጥቂቱ ስለሆነ፣ መሣሪያው የሚያነበው የቱቦውን ሙቀት ሳይሆን በአመዛኙ በቱቦው ላይ የሚንጸባረቀውን የአካባቢውን ሙቀት ነው። መፍትሔው ቀላል ሆኖ አገኘሁት፤ እሳት የሚችል ጥቁር ቀለም ገዝቼ የሃምሳ ሳንቲም ስፋት ያላቸው ሦስት ነጥቦች ቀባሁ። አንዱን ሲሊንደሩን ከላይ በሚከድነው ቴስታታ ላይ፣ ቤንዚኑን በብልጭታ ከሚያቀጣጥለው ካንዴላ ሥር፣ ሁለተኛውን ዘይቱ ባለበት የሞተሩ የታችኛው ክፍል፣ ሦስተኛውን ደግሞ ባቴን ባቃጠለኝ የቱቦው እጥፋት ላይ አደረግሁ። ከእንግዲህ የምለካው በእነዚህ ነጥቦች ብቻ ነው።

መጋቢት 4

የመነሻ ልኬት። ቦታው ያው የዳገቱ አጋማሽ ላይ ያለው ግራር፣ ሰዓቱ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ የጥላው አየር 37 ዲግሪ። ቴስታታው 208፣ ዘይቱ ያለበት ክፍል 128፣ ቱቦው 285፣ ጥቁሩ የላስቲክ መቀመጫ በፀሐይ 62፣ የቀኝ እግሬ ሱሪ ላዩ 58 ነበር። ሞተሩን ባጠፋሁ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ቴስታታው ከ208 ወደ 216 ከፍ ማለቱንም አየሁ፤ ዘይቱ መዞሩን፣ አየሩም ማለፉን ስላቆሙ በውስጥ የታመቀው ሙቀት ወደ ውጭ እየወጣ ነው። ስለዚህ ልኬቴ ሁሉ እንደቆምሁ በአሥር ሰከንድ ውስጥ መወሰድ አለበት፤ አለዚያ አንዱን ቀን ከሌላው ማነጻጸር አይቻልም።

መጋቢት 8

ከሁሉ በፊት ማጠብ ነበረብኝ። በሲሊንደሩ ዙሪያ ያሉት ቀጫጭን የአሉሚኒየም ክንፎች ሙቀቱን ለአየር የሚያስረክቡ እነርሱ ናቸው፤ ባለፈው ክረምት የገባው የመረሬ ጭቃ ግን ከዘይት ጋር ተቦክቶ በክንፎቹ መካከል እንደ ሸክላ ደርቆ ነበር። ከፊት በኩል ንጹሕ ይመስል ስለነበር ከኋላ በባትሪ መብራት ካላየሁት በስተቀር አላውቅም ነበር። ሌሊቱን ካደረች በኋላ በቀዝቃዛው ሞተር ላይ በላምባና በጥርስ ብሩሽ ለሁለት ሰዓት ያህል ፍቄ አጸዳሁት። በጋለ ሞተር ላይ ውሃ መድፋት ቴስታታውን ሊያጣምመው ወይም ሊሰነጥቀው ስለሚችል፣ ከበረሃ እንደደረሱ በጀሪካን ውሃ የሚያፈሱትን ወዳጆቼን እንዲተዉት ዛሬም እለምናቸዋለሁ።

ዘይቱም ከሚገባው ሩብ ሊትር ያህል ጎድሎ ተገኘ። ሙሉ በሙሉ ቀይሬ በቆላ ሙቀት ቶሎ የማይቀጥነውን 20 ደብልዩ 50፣ ያውም በሞተሩ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን የተዘጋጀውን ሞላሁ። በእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ዘይቱ ከማለስለስ በላይ ነው፤ ከፒስተኑ ሥር ሙቀት እየቀዳ ወደ ታችኛው ክፍል የሚያወርደው እርሱ ነው።

በማግስቱ በግራሩ ሥር ቴስታታው 197 ሆነ። ዐሥራ አንድ ዲግሪ ቀንሷል፤ ያ እንደ ጠጠር የሚናጠው ድምፅ ግን አልጠፋም።

መጋቢት 15

የዛሬው ቀን ከሁሉም በላይ አስተማረኝ፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

ካንዴላውን ፈትቼ ሳየው ጫፉ እንደ ኖራ ነጭ ነበር። ነዳጅና አየር በተመጣጠነ ሁኔታ ሲቃጠሉ ጫፉ የተቆላ ቡና ጅማሬ የመሰለ ፈዛዛ ቡኒ ይይዛል፤ ቤንዚን ሲበዛ ጥቀርሻ ይለብሳል፤ አየር ሲበዛና ሞተሩ ሲግል ደግሞ እንዲህ ይነጣል። የአየር ብዛት ሁለት መንስኤ ሊኖረው ይችላል፤ ወይ ባልታሰበ ቀዳዳ አየር እየገባ ነው፣ ወይ የሚመጣው ቤንዚን አንሷል። የእኔዋ ሁለቱም ነበሩባት።

የመጀመሪያውን ያገኘሁት በሥራዬ መሣሪያ ነው። ሞተሩን ገና ቀዝቃዛ ሳለ አስነሥቼ ነዳጅ ሳልጨምርለት በሚኒሞ እንዲሠራ ተውሁትና በክትባት ሲሪንጅ ውሃ ቀድቼ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ከቴስታታው ጋር በሚያገናኘው ጎማ ዙሪያ ጠብታ በጠብታ አንጠባጠብሁ። ከላይና ከጎን ምንም ለውጥ አልነበረም። ከሥር፣ ዐይን በማያየው በኩል ጠብታዋ ስታርፍ ግን ሞተሩ ለአፍታ ተደናቅፎ ድምፁን ቀየረ፤ ጠብታዋ በስንጥቁ በኩል ወደ ውስጥ ተስባ ነበር። ጎማውን ስፈታው የጥፍር ርዝመት ያለው ስንጥቅ አገኘሁና ጎማውን በአዲስ ቀየርሁት።

ሁለተኛው የደጀን ጉዳይ ነው። ሞተር ሳይክሏን ከእኔ በፊት ያሠራት ሰው ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የምታሳልፈውን ባለ ቀዳዳ የነሐስ ቁራጭ በሌላ ጠባብ አስለውጦ ነበር፤ የመመሪያ መጽሐፏ 110 ቁጥር ያለባትን ሲያዝ፣ እኔ ያገኘኋት 100 የተቀረጸባት ናት። በደጀን ከፍታ ላይ ይህ አሠራር ነውር አልነበረውም። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር ያንሳል፤ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑም ቢቀነስ ምጥኑ አይዛባም። ድልድዩ ዘንድ ስንወርድ ግን ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ወደ ዘጠኝ ዐሥረኛው ይጠጋል፤ ሙቀቱ አየሩን ስለሚያሳሳው ልዩነቱን በጥቂቱ ቢመልሰውም ጨርሶ አያጠፋውም። ካርቡራተር እንደ አዲሶቹ የነዳጅ መርጫዎች ከፍታን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ለደጋ የተመጠነች ሞተር ሳይክል በቆላ ቤንዚን አንሷት፣ ያውም ትልቁን ዳገት ልትወጣ ስትል፣ እየነደደች ትሠራለች ማለት ነው። እስከ ዛሬ ጥፋቱን ሁሉ በበረሃው ፀሐይ ላይ ስጭን ቆይቻለሁ፤ ዋናው ጥፋት ግን ደጀን ላይ የተበጀው ምጥን ነበር።

መካኒኩ፣ ብዙ ዘመን በዚህ መንገድ የሠራ ሽማግሌ፣ 110ሯን ሲያስገባልኝ፣ «ልጄ፣ ደጋ ላይ ትንሽ ቤንዚን ትበላብሃለች፤ በረሃ ላይ ግን ፒስተንህን አትበላብህም» አለኝ። አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው ቫልቭ ያላቸውን ክፍተትም አብረን ለካን። የጭስ ማስወጫው 0.10 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው 0.05 ላይ ጠብቆ ነበር፤ ቫልቭ ሙቀቱን የሚያስረክበው መቀመጫው ላይ ባረፈበት ቅጽበት ስለሆነ፣ ክፍተቱ ሲጠብ የሚያርፍበት ጊዜ ያጥራል፣ እርሱም እየጋለ ይሄዳል።

መጋቢት 18

በግራሩ ሥር፣ የጥላው አየር 37፦ ቴስታታው 178፣ ዘይቱ 114፣ ቱቦው 266። ያ ድምፅ የለም። ጠመዝማዛውን በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁት። ካንዴላው ቡኒ መያዝ ጀምሯል።

መጋቢት 23

ሞተሩ ከተስተካከለ በኋላ ወደ ራሴ እግር ዞርሁና ስሕተት ሠራሁ። ሙቀቱ ባቴ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ከብየዳ ቤት ላሜራ አስቆርጬ ከሞተሩ ፊት ባለው መከላከያ ብረት ላይ አሰርሁት፤ ስፋቱ ከጉልበቴ እስከ እግር መርገጫው ይደርስ ነበር። በእርግጥ ሱሪዬ ላይ ያለው ሙቀት ወደ 44 ወረደና ደስ አለኝ። ይሁን እንጂ በግራሩ ሥር ቴስታታውን ስለካው 199 ሆኖ ጠበቀኝ። ላሜራው እኔን የጠበቀው ወደ ክንፎቹ የሚሄደውን ነፋስ በመዝጋት ነበር፤ በአንድ ሳምንት ያገኘሁትን ሁሉ በአንድ ቀን አጠፋሁት። በዚያው ቦታ ፈትቼ ከመቀመጫው ኋላ አሰርሁትና ያለ እርሱ ወጣሁ።

መጋቢት 30

ላሜራውን በሌላ መልክ ሠራሁት። ከፊት ያለውን ትቼ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል ስፋት ያለው ጎባጣ ቁራጭ በቱቦው እጥፋት ላይ ብቻ እንዲጋርድ አደረግሁ። ዋናው ነገር በቱቦውና በላሜራው መካከል ያለው የሁለት ጣት ክፍተት ነው። ላሜራው ቱቦውን ከነካ ሙቀቱ በቀጥታ ይተላለፍና ራሱ ሌላ ምጣድ ይሆናል፤ ክፍተት ካለው ግን የቱቦውን ጨረር እርሱ ይቀበላል፣ በመካከል የሚያልፈው ነፋስ ደግሞ ይወስድለታል። ክፍተቱን የሚጠብቁትን ሁለት አጫጭር የብረት እግሮች ላሜራው ላይ አስበየድሁ፤ በቡሎንና በዳዶ ከቱቦው ማሰሪያ ጋር ተያይዘዋል። የላይኛውንና የታችኛውን ጠርዝ ሳልዘጋ ተውሁት። ቱቦውን በጨርቅ መጠቅለልን የመከሩኝ ነበሩ፤ ነገር ግን ጥቅሉ በክረምት ውሃ ይዞ ቱቦውን ያዝገዋልና አልተቀበልሁም።

ውጤት፦ ቴስታታው 177፣ ሱሪዬ ላይ 43።

ሚያዝያ 5

ዛሬ ስለ ነጂው። አየሩ ከሰው ቆዳ ሙቀት፣ ማለትም ከ35 ዲግሪ ገደማ በታች እስከሆነ ድረስ በሰውነት ላይ የሚያልፍ ነፋስ ያቀዘቅዛል። ከዚያ ሲያልፍ ግን ነፋሱ ራሱ ሙቀት ያመጣል፤ የሚያቀዘቅዘን በቆዳችንና በልብሳችን ላይ ያለው እርጥበት ሲተን ብቻ ነው። ስለዚህ ድልድዩ ዘንድ ሲደርሱ ጃኬትን አውልቆ በባዶ ክንድ መንዳት እፎይታ ቢመስልም ሰውነትን ቶሎ ያደርቃል፤ ሲወድቁም ቆዳን ከአስፋልት የሚለይ ነገር አይኖርም። እኔ አሁን ሰፋ ያለ ነጭ የጥጥ ሸሚዝ እስከ አንጓዬ ዘርግቼ እለብሳለሁ፤ በውሃ የነከርሁትን ሻሽ በአንገቴ ላይ ጠምጥሜ ጫፎቹን ወደ ውስጥ እሸጉጣለሁ። የበጋው አየር ደረቅ ስለሆነ ሻሹ ከቆላው ቀበሌ ከኩራር እስከ ዳገቱ አጋማሽ ሳይደርስ ይደርቃል፤ በግራሩ ሥር እንደገና እነክረዋለሁ። ነጠላ ለብሰው የሚነዱትን ግን አጥብቄ እመክራለሁ፦ ዘርፉ ካቴናው ውስጥ ከገባ ሰውን ጎትቶ ይጥላል።

መቀመጫዬ ላይ እናቴ ያለፋችውን ነጭ አጎዛ ጠጉሩን ወደ ላይ አድርጌ አሰርሁ። በዚያው ፀሐይ ላስቲኩ 62 ሲሆን የአጎዛው ጠጉር 45 ነበር፤ ከዚህም በላይ በጠጉሩ መካከል አየር ስለሚያልፍ ላቡ ከሥሬ አይቋጥርም። በቅሎ ላይ የሚቀመጡ አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር።

በውሃ ነገር ብዙ ተጨንቄአለሁ። ዐቢይ ጾም ስለሆነ እስከ 9 ሰዓት ውሃ አልቀምስም ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ግን ከድልድዩ ስወጣ ራሴን አዞረኝ፣ ላቤም ቀንሶ ቆዳዬ ደረቀ፤ ይህ ሰውነት በሙቀት እየተሸነፈ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው። ለንስሐ አባቴ ሁኔታውን ሳስረዳቸው በረሃ በምወርድበት ቀን ውሃ እንድጠጣ ፈቀዱልኝ። አሁን ሁለት ሊትር እይዛለሁ፤ ጥም ሳይሰማኝ በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት እጠጣለሁ፣ ብዙ ላብ በወጣኝ ቀን ደግሞ በጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የተቅማጥ ጨውና ስኳር በጥብጬ እወስዳለሁ።

ሚያዝያ 14

ከሰዓት በኋላ ስወጣ ከመንገዱ ዳር ገለባ ሲቃጠል አየሁ። ጭሱ ወደ ሰማይ አልወጣም፤ ቁልቁለቱን ታክኮ ወደ ላይ፣ በእኔ አቅጣጫ፣ ከእኔ ጋር እኩል ይጓዝ ነበር። በዚያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠልኝ። ቀን ላይ ፀሐይ የገደሉን ግድግዳ ስታሞቀው የሞቀው አየር ቁልቁለቱን ተከትሎ ወደ ላይ ይነፍሳል። እኔ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር እየወጣሁ ነፋሱ ከኋላዬ በ15 ቢነፍስ፣ ክንፎቹ የሚያገኙት የ10 ኪሎ ሜትር ነፋስ ብቻ ነው፤ ከጫነ አይሱዙ ኋላ ስጎተት ደግሞ ያም ይጠፋል። ስለዚህ የጉዞዬን ሰዓት ቀየርሁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ እወርዳለሁ፤ ፍየሎቹም ወደ ግጦሽ ሳይሰማሩ ስለማገኛቸው ለክትባቱ ይመቻል። ወደ ላይ የምወጣው ወይ ከ4 ሰዓት በፊት ወይ ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። ምሽት ሲቃረብ ነፋሱ ይበርዳል፤ ዘግይቶም ከላይ ወደ ታች መውረድ ይጀምራል፤ ያ ለሞተሩ ፊት ለፊት የሚመጣ በረከት ነው።

አንድ የኩራር አረጋዊ ዳገቱን ወጥቼ ሞተሩን ወዲያው ሳጠፋ አይተው፣ «ዶክተር፣ በቅሎ እንኳ ዳገት ወጥታ ስትደርስ ወዲያው አትታሰርም፤ ቀስ እያለች ትንሽ ትንሸራሸራለች» አሉኝ። መጋቢት 4 ቀን የለካኋት፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የታየችው የስምንት ዲግሪ ጭማሪ ትዝ አለችኝ። ቆማ በሚኒሞ ብትሠራ ነፋስ ስለማታገኝ አይበጃትም፤ የሚበጃት የመጨረሻውን አንድ ኪሎ ሜትር በከፍተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ቀንሶ፣ በሜዳው ላይ ቀስ ብሎ መንዳት ነው። አሁን ደጀን አፋፍ ላይ ስደርስ እንዲህ አደርጋለሁ፤ ካቆምኋት በኋላም የሚታየው ጭማሪ ከሁለት ዲግሪ አይበልጥም።

ሚያዝያ 26

በንጽጽሩ እንዲስማማ ዛሬ ሆን ብዬ በ8 ሰዓት፣ በ37 ዲግሪ ወጣሁ። ቴስታታው 174፣ ዘይቱ 110፣ ቱቦው 263፣ መቀመጫው 45፣ የቀኝ እግሬ ሱሪ 42። በረዶው ደጀን እስክደርስ አልቀለጠም። ቤንዚን በሊትር 44 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረችው አሁን 41 ትሄዳለች፤ ይህን ዋጋ ሳላመነታ እከፍላለሁ።

አንድ የቀረ ችግር አለ። የመጨረሻው ቁልቁለት ላይ የላሜራው የታችኛው ቡሎን በንዝረት ላልቶ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁት። ሐሙስ ወደ ኩራር ከመውረዴ በፊት ስፕሪንግ ሮንዴላ ጨምሬበት፣ ከሥሩም ሁለተኛ ዳዶ ደርቤ አጠብቀዋለሁ።